ስለ ነቀፌታና ስለ አገር ቤት አነጋገር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል አንድ መጽሐፍ በወረቀት ተጠቅልሎ ወደ ቤቴ መጣ። መጽሐፉን አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ ደራሲዋ ከብዙ ዓመት በፊት ቡሬ ላይ አማርኛ ያስተማርኋት ልጅ ናት፤ ያሳተመችውም በገዛ ገንዘቧ ነው። አሁን የደረሰኝ ቅጂ ግን ከሌሎቹ የተለየ ነበር። አንድ የማላውቀው አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቀይ እስክሪብቶ አርሞ፣ በሽፋኑ ውስጥ «ለደራሲዋ ይድረስ፤ ታሪኩ ደግ ነው፤ አጻጻፉ ግን ያሳዝናል» ብሎ ጽፎበታል። ልጅቱም ይህን ባየች ጊዜ እንቅልፍ አጣችና «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» የምትል ብጣሽ ወረቀት ጨምራ ላከችልኝ።

ፍረዱ መባል ለሽማግሌ ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ዳኛ አድርጋ ስትመርጠኝ እኔ ራሴ ከተከሳሾቹ አንዱ መሆኔን አላወቀችም። ወደዚያ ኋላ እመጣለሁ፤ አስቀድሜ ስለ መጽሐፉ ልናገር፤ ነቀፌታ የሚገባው ሊነበብ ለሚገባው መጽሐፍ ብቻ ነውና።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ የጎጃም ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ሳይመለስ ይቀራል። እናቱም በየዓመቱ ኅዳር በባተ ቍጥር መንገድ ዳር ተቀምጣ ከቆላ የሚመለሱትን አጫጆች ትጠይቃለች። በስድስተኛው ምዕራፍ አንድ ተመላሽ «አይቸዋለሁ» ይላታል። እርሷም ወደ ቤቷ አስገብታ እንጀራ ታቀርብለታለች፤ እስኪጠግብ ድረስም አንድ ቃል አትጠይቀውም። በልቶ ሲያበቃ እጁን እያስታጠበች የምትጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «ጫማ ነበረው?» ትለዋለች። እኔ ይህን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብሁት ለእርማት አልነበረም። ስለ ከተማው ወንድም የሚናገረው አራተኛው ምዕራፍ ግን ረዝሟል፤ ሰውየውም ከወዳጁ ጋር ሲጫወት የቀበሌ ሪፖርት የሚያነብ ይመስላል። ይህን ለደራሲዋ ነግሬያታለሁ። ቀይ እስክሪብቶ የያዘው አንባቢ ግን በዚህ ምዕራፍ ላይ ብዙ አላሰመረም፤ ፊደሉ ደኅና ነበረና።

በአገራችን ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ደራሲም፣ አራሚም፣ ከፋይም፣ ሻጭም ራሱ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቁን ተቀብሎ የሚያነቡና የሚያቃኑ አርታኢዎች ነበሩት፤ በአንጻሩም ቃሉን ሁሉ እየመዘነ የሚቈርጥ ሳንሱር ነበረ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱሩን አስቀረ፤ ኩራዝም ከጊዜ በኋላ ቀረ። ስለዚህ ከልካዩም አራሚውም አብረው ሄዱ። ዛሬ አንዲት መምህርት ከደመወዟ ለዓመታት ቈጥባ አንድ ሺህ ቅጂ ለማሳተም ስትነሣ፣ ወረቀቱ ዋጋው ተቈርጦ ይነገራታል፤ ቀለሙም ሽፋኑም እንዲሁ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሊተው የሚችል የሚመስለው የአራሚው ዋጋ ነው። እርሱም ይተዋል። በምትኩ «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» ይባላል።

ያየሁላት እኔ ነኝ። ረቂቁን በሁለት ሳምንት መልሱልኝ አለችኝ፤ ማተሚያ ቤቱ ተራ ሰጥቷት ነበርና። እኔም በዓይን መነጽሬና በ36 ዓመት ልምዴ ተማምኜ፣ እንደ ተማሪ ደብተር እያገላበጥሁ አረምሁት። ገሚሱን ያረምሁት ማታ፣ መብራት በሚሄድበት በሚመጣበት ሰዓት ነው። አሁን የተመለሰውን መጽሐፍ ይዤ ቀዩን ምልክት ሁሉ አንድ በአንድ ብቈጥር 112 ሆነ። እነዚህንም በሦስት ወረቀት ላይ ለይቼ ጻፍኋቸው።

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የሰፈሩት 41 ናቸው፤ እነዚህ ያለ ክርክር ስሕተት ናቸው። አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ታትሟል። አንዲት ጎረቤት በሦስተኛው ምዕራፍ በአንድ ስም ተጠርታ፣ በዘጠነኛው በሌላ ስም ትቀበራለች። አራት ነጥብ በሚገባበት ስፍራ ሁለት ነጥብ ብቻ እየተደረገ ዐረፍተ ነገሩ ከሚቀጥለው ጋር ተጣብቋል። ስለ እነዚህ ምንም ማለት አይቻልም፤ አንባቢው ገንዘቡን ከፍሎ ገዝቷል፤ ጕድለቱን ማሳየቱም ውለታ ነው። ልጅቱ ግን በተናደደችበት ቀን እነዚህንም ጭምር «የአገሬ አነጋገር ነው» ልትላቸው ቃጣት። ልጆቼ ሆይ፤ ከዚህ ተጠበቁ። እናታችሁ በሕይወቷ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ አላተመችም። ስንፍናችንን በእናታችን ነጠላ ስንሸፍነው፣ የሚቈሽሸው ነጠላው ነው።

በሁለተኛው ወረቀት 38 ምልክቶች ሰፍረዋል፤ እነዚህ ስለ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ፣ አልፉ አና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ በግዕዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ አንደበት ግን ተዋሕደዋል። ድምፃቸው ቢዋሐድም ትርጕም የሚለዩበት ስፍራ አለ። በሃሌታው የተጻፈው ምሁር የተማረ ሰው ነው፤ በሐመሩ የተጻፈው ምሑር ግን ምሕረት የተደረገለት ነው። ልጅቱ በአንድ ስፍራ «ፀሐይ ስትሰርቅ ተነሣች» ብላ በእሳቱ ሰ ጽፋለች። ቀዩም እስክሪብቶ በዳር በኩል «ምን ሰረቀች?» ብሎ ጠይቋል። እኔም ብቻዬን ሣቅሁ፤ ወዲያው ግን ይህን ያሳለፍሁት እኔ መሆኔን አስታውሼ ሣቄን ዋጥሁ። በዛሬው የኮምፒዩተር አጻጻፍ ከጣት ሥር ቶሎ የሚመጣው እሳቱ ሰ ነው፤ ንጉሡን ለማምጣት ተጨማሪ መምታት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ንጉሡ ከብዙ መጻሕፍት እየተሰደደ ሄዷል።

ሆኖም በዚህ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ነቃፊውም ሁልጊዜ ልክ አልነበረም። ሊቃውንቱ ራሳቸው በአንድ መንገድ አልሄዱም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ሲታተሙ ቃሉን ከሥሩ እያወጡ ፊደሉን ለዩ። አለቃ ደስታ በመጽሐፋቸው ርእስ ላይ እንኳ «ዐዲስ» ብለው በዐይኑ ዐ ጽፈዋል፤ ከተማችን ግን በየሰሌዳው በአልፉ አ «አዲስ» ተብላ ትጠራለች፤ በዚህም ምክንያት መንገዱ የጠፋበት ሰው የለም። እኔ በትምህርቴም በዕድሜዬም የሊቃውንቱን ወገን እወዳለሁ። ቢሆንም አንድ ደራሲ ፊደል ልቀንስ ቢል ጥፋተኛ አልለውም፤ ጥፋቱ በሁለተኛው ምዕራፍ «ኃይሉ»፣ በአምስተኛው «ሀይሉ»፣ በስምንተኛው «ሃይሉ» ብሎ አንዱን ሰው ሦስት ሲያደርገው ነው። እንዲህ ሲሆን አንባቢ ታሪኩን ትቶ ፊደሉን ይጠብቃል።

ሦስተኛው ወረቀት 33 ምልክቶችን ይዟል፤ እኔንም ያስጨነቀኝ ይህ ነው። እነዚህ የአገር ቤት አነጋገር ናቸው። የጎጃም ሰው «ሄዶ» አይልም፤ «ሂዶ» ይላል። «ሆኖ»ን «ሁኖ»፣ «ቆሞ»ን «ቁሞ»፣ «መጥቼ»ን «መጥቸ»፣ «እሺ»ን «እሽ» ይላል። መሶቡን ሞሰብ ይለዋል። ጎንደርና ወሎም ከእነዚህ ብዙዎቹን ይጋራሉ። ይህ ከአዲስ አበባው አማርኛ ተበላሽቶ የወጣ አይደለም፤ እንደ እርሱ ያለ አማርኛ ነው። የአዲስ አበባው በራዲዮ፣ በጋዜጣና በትምህርት ቤት ስለ ተነገረ የሁሉ መለኪያ መሰለ እንጂ፣ ሌላው በእርሱ አልተለካም ነበር። እኔ ራሴ በዚህ ገጽ ላይ «ጻፍኩ» አልልም፤ «ጻፍሁ» እላለሁ፤ ይህን ከአባቶች መጻሕፍት ስላገኘሁት ማንም አይነቅፈኝም። «ሁኘ» ብዬ ግን አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ እነግራችኋለሁ።

የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ አዳሪ ሆኜ ነው። በ1962 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ የቃለ ጽሕፈት መምህራችን ደብተሬን አነሡና «ሁኘ» የምትለዋን ቃል ከፍ ባለ ድምፅ ለክፍሉ አነበቧት። ልጆቹ ሣቁ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የዕለቱን ሥራ መሥራታቸው ነበር። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አፌን መጠበቅ ተማርሁ። በዚያው ዓመት ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍሁላት፤ እንደ ተማርሁትም «ደኅና ሆኜ እማራለሁ» አልሁ። እናቴ ማንበብ አታውቅም፤ የሰፈራችን ቄስ አነበቡላት። እርሷም ሁለት ጊዜ አስነብባ ካዳመጠች በኋላ «ይህ የልጄ ቃል አይደለም፤ ልጄ አንድ ነገር ቢሆን ነው ሌላ ሰው የጻፈልኝ» አለች። ቄሱ ቢያባብሏትም አልሰማችም። አጎቴን ሁለት ቀን በእግሩ አስኪዳ እኔ በሕይወት መኖሬን አረጋገጠች። አጎቴ በትምህርት ቤቱ በር ቁሞ ሲያየኝ እንዴት እንደ ተቈጣኝ አሁንም አይረሳኝም፤ ቍጣው ለምን እንደ ሆነም አልገባኝም ነበር።

እንግዲህ ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ሰው፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ ስለ አንዲት ልጇን ስለምትጠብቅ የጎጃም እናት የተጻፈ ረቂቅ በእጁ ሲገባ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? «ቁሞ» የሚለውን ሰርዤ «ቆሞ» አደረግሁት። ሆን ብዬ አይደለም፤ እጄ ነው የሰረዘው፤ 36 ዓመት ሲሰርዝ ኖሯልና። ደግሞም ሁሉን እንኳ አልሰረዝሁም፤ በደከመኝ ስፍራ አልፌዋለሁ። ስለዚህ በስድስተኛው ምዕራፍ እናቲቱ «ሂዶ ሂዶ ከምን ላይ ቆሞ ይሆን ልጄ» ስትል፣ የዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ የእርሷ፣ መጨረሻው የእኔ ሆነ። ከሠላሳ ሦስቱ ምልክቶች 19ኙ እኔ ግማሽ አርሜ ግማሽ በተውሁት ስፍራ ላይ የዋሉ ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ልጅቱ ይህን ሳታውቅ በነቃፊው ላይ ተነሥታ ነበር። ስልኩን በመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ጽፎ ስለ ነበር ደወለችለት፤ «እኔ የጻፍሁት በእናቴ አፍ ነው፤ የከተማ ሰው ካልገባው ይተወው» አለችው። ሰውየውም ጥቂት ዝም ብሎ «ልጄ፣ እኔ የደምበጫ ሰው ነኝ» አላት። ቀጥሎም «እናቲቱ በአንድ ገጽ ቁሞ፣ በሚቀጥለው ቆሞ ስትል፣ የቱ አፏ እንደ ሆነ በምን ልወቅ? አንቺ ያላወቅሽው መስሎኝ አረምሁልሽ» አላት። እርሷ ይህን ስትነግረኝ እያዘነች ነበር፤ እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶውን ያነሣው ሰው ከሁላችን የበለጠ ጆሮ እንዳለው ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያም የእኔን ድርሻ ነገርኋት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችኝም፤ ሦስት ሳምንትም ሳትደውልልኝ ቈየች። አልፈርድባትም፤ የዓመታት ቍጠባዋ ነው የታተመው።

በአገር ቤት አነጋገር መጻፍ የሚያሳፍር ቢሆን ኖሮ ከመጻሕፍታችን ታላቁ ባልተጻፈ ነበር። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ የተመላው በጎጃም ሰውና በጎጃም ወግ ነው። ከዚህም በላይ እርሳቸው የሚጠብቁትን ፊደላት ሁሉ በላያቸው ነጥብ እያደረጉ አሳተሙት፤ «አለ» ማለት ተናገረ ይሁን ወይም ይገኛል ይሁን አንባቢ በዓይኑ እንዲለይ ብለው ነው። ይህ ልማድ ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ተከታይ አላገኘም። ነገር ግን ነጥቡን አይቶ «ሐዲስ ዓለማየሁ መጻፍ አያውቁም» ያለ ሰው አልሰማሁም፤ በአንዱ ገጽ አድርገው በሌላው የተዉት ነገር እንዳልሆነ ይታያልና።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን እንግሊዝኛ ያስተማሩን ሰዎች ያስነበቡን አንድ የአሜሪካ መጽሐፍ ነበረ፤ የማርክ ትዌይን «ሃክልቤሪ ፊን» ነው። ያን ጊዜ ቋንቋው እጅግ አስቸገረኝ፤ በሰዋስው መጽሐፋችን ውስጥ የሌለ እንግሊዝኛ ነበር። ይህም መጽሐፍ በ1885 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ የታተመው ደራሲው ራሱ ባቋቋመው ማሳተሚያ ድርጅት ነው፤ እንግዲህ እርሱም በገዛ ገንዘቡ አሳታሚ ነበረ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ የምትገኝ የኮንኮርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉ ባለጌ ነው ብላ ከመደርደሪያዋ አስወጣችው። ማርክ ትዌይን ግን ስለ አነጋገሩ አስቀድሞ ተጠንቅቆ ነበር፤ በመጽሐፉ ፊት አጭር ማስታወቂያ አኑሮ፣ በውስጡ ልዩ ልዩ የአገር አነጋገሮች እንዳሉ፣ ይህንንም በግምት ሳይሆን በጥንቃቄ እንደ ሠራው፣ አንባቢም ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሊናገሩ ሞክረው ያቃታቸው እንዳይመስለው አስታውቋል። ያች ማስታወቂያ ከአንድ ገጽ በታች ናት። ለልጅቱ አስቀድሜ እንዲህ ያለች ማስታወቂያ ጻፊ ብላት ኖሮ፣ ደግሞም እጄን ሰብስቤ ቢሆን ኖሮ፣ የደምበጫው ሰው እስክሪብቶውን ለአርባ አንዱ ስሕተት ብቻ ባወጣው ነበር።

ነቀፌታ ሲመጣባችሁ፣ ወጣቶች ሆይ፣ በዚያው ቀን መልስ አትስጡ። ይህን የምለው ትሕትና ቅዱስ ነገር ነው ብዬ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቀን 112ቱ ሁሉ አንድ ስድብ ሆነው ስለሚታዩ ነው። ወረቀት አንሡና ለዩአቸው። የጸናው ስሕተት በቶሎ ይታወቃል፤ ስትጽፉት ፊታችሁ ይቀላል። የአገራችሁ አነጋገር የሆነውን ደግሞ ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ እነርሱ ሳይሰናከሉ የተቀበሉትን ማንም ቢነቅፈው አትሰርዙት። እነርሱ «እንዲህ ብሎ ማን ይናገራል?» ያሏችሁን ግን አውጡት፤ ከከተማ ሆኖ አገር ቤትን የሚናፍቅ ሰው አነጋገሩን ማብዛት ይወዳልና። በልጅቱም መጽሐፍ እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ስፍራዎች አሉ፤ አንድ የአሥር ዓመት እረኛ እንደ ባለ ቅኔ ይናገራል። ይህን ቀዩም እስክሪብቶ አልነካውም።

ልጅቱ በአራተኛው ሳምንት መጣች። የያዘችው የሁለተኛውን እትም ረቂቅ ነበር፤ አንዱን ቅጂ ለእኔ፣ ሌላውን ለደምበጫው ሰው ልትልክ አስባለች። ለእርሱ ዋጋ ልትከፍለው ብትል እንቢ ስላላት ማር ልትወስድለት ነው። እናቲቱ አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ቁሞ» ትላለች። ፀሐይም በንጉሡ ሠ ትወጣለች። በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። እኔ ሰዎቹ ሲናገሩ እንደ አገራቸው ይናገሩ፤ ተራኪው ግን ሁሉ በሚያውቀው አማርኛ ይተርክ እላለሁ። እርሷ ደግሞ ተራኪዋም የዚያችው እናት ልጅ ናት፤ እንዴት አፏን ትለውጣለች ትላለች። ክርክሩ በስድስተኛው ምዕራፍ ላይ በአንዲት ቃል ቆሟል፤ ተመላሹ አጫጅ እንጀራ የበላበት ዕቃ በተራኪዋ አፍ መሶብ ይባል ወይስ ሞሰብ? ረቂቁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እርሳሴን ሁለት ጊዜ አንሥቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥሁት።